ከማክሰኞ በፊት አንብበው

ወንድሜ፣

ሰላም ነህ? ስሜን ስታይ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ይሄ ልጅ አለ እንዴ?» ነው የምትለው። አለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ልክ አይደለም። አባትህ፣ አባባ፣ ሲያርፉ ለቅሶ አለመድረሴ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ይቅር በለኝ። ያን ሰሞን ስልኩን ስንቴ አንስቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምደውል ጠፋኝ። የቀረውን በአካል እነግርሃለሁ። በጽሑፍ አይሆንልኝም።

ዛሬ የጻፍኩት ስላስፈለግኸኝ ነው። ከአንተ አልደብቅም።

ሥራዬን ለቅቄ ድርጅት ከፍቻለሁ። አዎ፣ ያንኑ አምስት ኪሎ ዶርም ውስጥ ስናወራው የምናድረውን። ዌብሳይት እንሠራለን። መገናኛ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሁለት ጠረጴዛ አለ፣ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የቀጠርኳት ልጅ። ያኔ «ሁለተኛው ፈራሚ ማን ይሁን» ብለን የተጨቃጨቅነው ትዝ ይልሃል? አሁን እሱ ቀርቷል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ብቻዬን አቋቋምኩ። ንግድ ፈቃዱ፣ ቲን ቁጥሩ፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም አለ።

የዚህን ዝርዝር ሌላ ጊዜ አወራሃለሁ። አሁን ልቤ ውስጥ ያሉት አንዲት እናት ናቸው።

አንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም እንድንሠራለት ሰጠን። እንግዳ ተቀባይዋ ቀጠሮ ትመዘግባለች፣ ለታካሚው በስልኩ አጭር መልእክት ይሄድለታል። በቃ ይኸው ነው። ለእኛ አገር ስትሠራው ግን ሥራው እዚያ ውስጥ ተደብቆ ታገኘዋለህ። ወራችን 13 ነው፣ ጳጉሜ አንዴ 5 ቀን አንዴ 6 ቀን ትሆናለች። ቀኑን እንኳ ብራውዘሩ ራሱ በእኛ አቆጣጠር ሊጽፍልህ ይችላል። ሰዓቱን ግን አይቀይርልህም፣ እሱን ቁጭ ብለህ ራስህ ትጽፈዋለህ። ስም ደግሞ አለልህ። አንዷ ሠራተኛ «ዓለሙ» ብላ የመዘገበችውን ሌላዋ «አለሙ» ብላ ስትፈልገው አይገኝም። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸዋ! ይህን ያገኘችው ልጅቷ ናት። ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን ፍለጋው ላይ አንድ አድርጎ እንዲቆጥራቸው በሁለት ቀን ሠራችው። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ናት እኮ።

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ የተመዘገበ ቀጠሮ ኮምፒውተሩ ውስጥ 9:00 ሆኖ ይቀመጣል። ስክሪን ላይ ሲወጣ መልሰን 3 እናደርገዋለን። መልእክቱ ላይ ግን መመለሱን ረሳሁት። ስክሪኑን መቶ ጊዜ ሞክረነዋል፣ ስልክ ላይ የሚደርሰውን መልእክት ግን ደርሷል አልደረሰም ብለን ነው እንጂ ቁጥሩን ልብ ብለን አላነበብነውም። ሰውየው «ቀጠሮዎ ነገ 9:00» የሚል ሲደርሰው መቼ ይመጣል? ከሰዓት በኋላ ነዋ።

እኚህ እናት የመጡት ከሱሉልታ ነው። ለስኳር የደም ምርመራ ስለሆነ ምንም ሳይቀምሱ እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ልክ በ9 ሰዓት ደረሱ። «ሰዓትዎ ጠዋት አልፏል» ተባሉ። እንግዳ ተቀባይዋ ስትደውልልኝ ምሳ በልቼ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ሲኒውን አስቀምጬ ኮዱን ከፈትኩ፣ አንድ መስመር ናት። አንዲት መስመር!

የተሳሳተ መልእክት የደረሳቸው 14 ሰዎች ነበሩ። ለሁሉም አንድ በአንድ እኔው ደወልኩ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ ልክ ነው። እሳቸው ግን «ምንም አይደል ልጄ፣ ሰው ነህ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ሌሊት ተነስቼ መኪና ይዤ ሄጄ ከቤታቸው አመጣኋቸው። መንገድ ላይ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩኝ መጡ። አሁን መልእክቱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል፣ ሁልጊዜ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል አለው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ክሊኒኩ የቀረውን ግማሽ ክፍያ ያዘው። 90 ሺህ ብር ነው። «አንድ ወር ያለ ችግር ይሥራና እንከፍላለን» አሉ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እሺ አልኩ። ሲስተሙ ወሩን በሰላም ጨረሰ፣ ከጨረሰም ሦስት ሳምንት ሆነው። ገንዘቡ ግን አልመጣም። እኔ ደግሞ ሄጄ መጠየቅ አቃተኝ። ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። በሩ ላይ ስደርስ እኚያ እናት ይመጡብኛል።

ወሩ ሲያልቅ የልጅቷ ደመወዝ አለ። ጡረታው 7 ከመቶ ከእሷ፣ 11 ከመቶ ከእኔ ነው። ባለፈው ወር ከራሴ ቁጠባ ከፈልኩ፣ እሷ አላወቀችም። ሲስተሙ የሚሠራበት ሰርቨር ክፍያ ደግሞ በዶላር ነው። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ሆኖ በካርዱ ይከፍልልኛል፣ እኔ እዚህ ለእናቱ በብር እሰጣለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፣ የባንክ ሰው ነህ። እኔ ግን ያንን ሁሉ አይቼ እንኳ ለደንበኛ ዋጋ ስሰጥ በብር ቆርጬ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት መጥቷል። ወላጆች የልጆቻቸውን ክፍያ በቴሌብር የሚከፍሉበት፣ ምዝገባም የሚካሄድበት ሲስተም ይፈልጋሉ። ከክሊኒኩ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ሥራ ነው። የውሉን ረቂቅ ላኩልኝ። ዋጋው በብር ተቆርጧል። ለዘገየንበት ለእያንዳንዱ ቀን ቅጣት አለው። የመጨረሻው ክፍያ «ርክክብ ሲጠናቀቅ» ይላል። ርክክብ ተጠናቀቀ የሚለው ማን ነው? በስንት ቀን ውስጥ? አልተጻፈም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቴም ሆዴ ባባ። ሥራውን እንደምሠራው አውቃለሁ። እነሱ ፊት ተቀምጬ «ይቺ ትስተካከል» የምለው ግን እንዴት ነው?

አንተ ትችላለህ። ከዶርሙ ሁሉ መዋጮ ስትሰበስብ አንድም ሰው አምልጦህ አያውቅም። ያ ለጓደኛው አንዲት ብር አበድሮ የማያውቅ ልጅ እንኳ ከፍሎ ነበር፣ ያውም እየሳቀ። አሁንም ቅርንጫፍ ውስጥ ቁጭ ብለህ ተበዳሪ እያሳቅህ ታስከፍላለህ ብለው ነግረውኛል። አትካድ፣ ወሬህ እዚህ ድረስ ይመጣል።

እና... እንዴት ብዬ ልበልህ? ይህቺን ደብዳቤ ስጀምራት ውሉን አንብብልኝ ልልህ ብቻ ነበር። ሕጉ ብቻህን ትችላለህ አለኝ፣ እኔ ግን ብቻዬን አልቻልኩም። ግማሹ ያንተ ይሁን። ሥራህን ልቀቅ አልልህም፣ ባንክ ቤት ደመወዝ እንዳለህ አውቃለሁ። በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ቢሆንም ይበቃኛል። አይሆንም ካልክም አልቀየምም፣ እኔ እኮ አንተን መቀየም የምችል ሰው አይደለሁም፣ በተለይ አሁን። ብቻ አስብበት።

ውሉን ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። የምፈርመው ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ግን በመጀመሪያው መኪና ሐዋሳ እመጣለሁ። ውሉን ብታነበውም ባታነበውም እመጣለሁ። መጀመሪያ እማማ ጋ ነው የምንሄደው፣ ስለ ሥራ አንድ ቃል አናነሳም። እንደምመጣ አስቀድመህ ንገራቸው፣ ድንገት ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ። የአባባ መቃብር ጋም ትወስደኛለህ።

ወንድምህ