የሥነ ልቦና ክበብ፦ የጭንቀት መለኪያውን የለካንበት ዓመት

"ተማሪውን ስለ ጭንቀት እየጠየቃችሁ ጭንቀት ልታስተምሩት ነው?" የትምህርት ቤት ክበባችን የጭንቀት መጠይቅ ሲያስሞላ እንዲህ ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ማንንም አልመረመርንም። ስም አላስጻፍንም። የፈተንነው መጠይቁን ራሱን ነው፤ ጭንቀትን በትክክል ይለካል ወይ ብለን።

መነሻችን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጭንቀት መጠይቅ ነው። 16 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይከበባል። አምስቱ "አልጨነቅም" ስለሚሉ ነጥባቸው ተገልብጦ ይደመራል። ዝም ብሎ ሁሉንም 5 ያከበበ ሰው የሚያዘው በእነሱ ነው። ግን "ጊዜ ባይበቃኝ አልጨነቅም" ለሚለው "በፍጹም አይገልጸኝም" ብሎ መመለስ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንቆቅልሽ ነው። ሦስት አሉታ በአንድ ትንፋሽ!

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ያው የአማርኛ ትርጉሙን ማመሳከርና ነጥብ መደመር ነበሩ። የጅሬኑ ቀን ግን ይለያል።

የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከጎበኘን በኋላ ጥላ ስር ጥንድ ጥንድ ሆነን ተቀመጥን። አንዱ ጥያቄ ያነባል፣ ሌላው ወደ አእምሮው የመጣውን ይናገራል። በስብሰባ ላይ ብዙም የማትናገር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ "ፕሮጀክቶቼ ሁሉ እስኪያልቁ እጨነቃለሁ" በሚለው ላይ "በፍጹም አይገልጸኝም" የሚለውን አክብባለች። ጓደኛዋ ለምን አለቻት።

"ፕሮጀክት ሲል የመሥሪያ ቤት ሥራ መሰለኝ። እዚያ የት ደርሼ! እኔን የሚያስጨንቀኝ የተሰጣው ቡና ሳይደርቅ ዝናብ ቢመጣስ፣ ትንሹ ወንድሜ ብቻውን ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ የሚለው ነው።"

በነጥቧ ብንሄድ ኖሮ ይቺን ልጅ "አትጨነቅም" ብለን ነበር። መጠይቁ የልጆቹን እውነተኛ ጭንቀት ይነካል ወይ የሚለው፣ የይዘት ተገቢነት የሚባለው ጥያቄ ይኸው ነው። እዚያው ቁጭ እንዳሉ ልጆቹ የራሳቸውን ጥያቄዎች መጻፍ ጀመሩ፦ የቤት ኪራይ፣ የተሰጣ ቡና፣ ከቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ።

ያልተሳካልንም አለ። አንድ ተማሪ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ መጠይቅ ዳግም ሲሞላ ሁለቱ ውጤቶች መቀራረብ አለባቸው። ወረቀት እስኪገኝ ስንጠብቅ መጠይቁ ዳግም የሚሞላበት ቀን ከፈተና ሳምንት ጋር ገጠመና የብዙዎቹ ነጥብ አሻቀበ። መጠይቁ ይዋዥቅ፣ ልጆቹ የእውነት ይጨነቁ፣ መለየት አልቻልንም። ለስፖርት ማልያ በየዓመቱ በጀት አይጠፋም፤ አንቃወምም። እኛ የምንጠይቀው ጥቂት ደስጣ ወረቀትና የማባዣ ቀለም ነው።

በመጪው ዓመት መጠይቁን በአፋን ኦሮሞም እናዘጋጃለን፤ ብዙዎቹ ልጆቻችን ቤት ውስጥ የሚያወሩት በእሱ ነው። ለማመሳከር የሚያግዙን ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች እንፈልጋለን። ወረቀት ይዞ የሚመጣም አይመለስም።