የመቅደላው ልጅ እና ዝሆኖቹ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለቀጣዩ የልጆች ልብ ወለዳችን የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን መርጠናል። በ1860 ዓ.ም. የአባቱ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ገና የ7 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ፤ እሱ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ክረምት እዚያ የተነሳቸው ፎቶዎች አሉ። መጀመሪያ ዓይኑን ደህና አድርጋችሁ እዩት፣ ከዚያ ጻፉ።

ዝሆኖቹን ደግሞ እንዳትረሷቸው! የእንግሊዝ ጦር መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አምጥቶ ነበር። እኛ የፈጠርነው አይደለም፣ የምር ነው። (ልጄ ታሪኩን ስነግራት የጠየቀችኝ ስለ እነሱ ብቻ ነው።) ምዕራፍ አንድን አንድ እረኛ ዝሆን ሲያይ ብንጀምረውስ?

ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ መሞቱን ለልጆቹ እንዴት እንደምንነግራቸው ግን ገና አልቆረጥንም። ሐሳባችሁን እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።