ስለ ልጅህ ስልክ ለጠየቅኸኝ

ጥር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከነቤተሰቤ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ብዙ ክረምት አልፏል፤ ሆኖም በቴሌግራም የላክኸውን የድምፅ መልእክት ስሰማ ትናንት ተለያይተን ዛሬ የተገናኘን ያህል ስለ ተሰማኝ፣ ማን ጠፋ ማን አልጠፋም መባባሉን ለሌላ ቀን ትቼ ወደ ጠየቅኸኝ ጉዳይ እገባለሁ። በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ መጻፉን መርጫለሁ።

የ14 ዓመት ልጅህ ማታ በሩን ዘግቶ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም ብለህ፣ የሥራ ባልደረባህ የጠቆመህን፣ ልጁ ሳያውቅ መልእክቱን ሁሉ ወደ አንተ ስልክ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ልጫንበት ወይ ስትል ጠይቀኸኛል። እኔ አትጫን ነው የምልህ። በጥገና ሱቄ ይህንኑ የሚጠይቁኝ ወላጆች ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ልጁ ትምህርት ቤት እንደ ሄደ ስልኩን ይዘው ይመጡና «ሳይመለስ ቶሎ ጨርስልኝ» ይሉኛል። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ሥራውን ግን አልቀበልም።

አንደኛው ምክንያቴ የሙያ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ተደብቀው የሚሠሩት እነዚህ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በፕሌይ ስቶር አይገኙም፤ ለመጫን የስልኩን መከላከያ ማጥፋት ይጠይቃሉ፤ ከዚያም የልጅህን ፎቶ፣ መልእክትና ያለበትን ቦታ የት እንዳለ በማታውቀው የኩባንያ ሰርቨር ላይ ያከማቹታል። አንተ ባለህበት በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ስፓይፎን የተባለውን ድርጅትና ኃላፊውን ከዚህ ንግድ ያገደው፣ በድብቅ የሚሰበስበውን መረጃ በወጉ እንኳ ሳይጠብቅ ለጠላፊ አጋልጧል በሚል ጭምር ነበር። ልጅን ከባዕድ ዓይን እከላከላለሁ ብሎ ገበናውን ለሌላ ባዕድ ማስረከብ ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሆነ አይገባኝም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ ይከብዳል። በልጅህ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ልጆች ዛሬ የሚጠመዱበት ወጥመድ እንዲህ ነው፦ አንዲት ቆንጆ ልጅ መስሎ የሚቀርብ አጭበርባሪ በኢንስታግራም ወይም በጌም ላይ ይተዋወቀውና ወዲያው ወደ ስናፕቻት እንሂድ ይለዋል፤ የራሷ የተባለ የራቁት ፎቶ ይልክና ልጁም እንዲልክ ያግባባዋል፤ ልጁ የላከ እንደሆነ፣ አንዳንዴ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ የጓደኞቹንና የዘመዶቹን ስም ዘርዝሮ «ገንዘብ ካልላክህ ለእነዚህ ሁሉ እበትነዋለሁ» ይለዋል። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ዋና ዒላማ መሆናቸውን የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ በኀፍረት ራሳቸውን ያጠፉ ልጆችም አሉ። አንተ ሥራ ላይ ሆነህ መልእክቱን እስክታየው ነገሩ አልቆ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ልጁን የሚያድነው ሮጦ ወደ አንተ መምጣቱ ብቻ ነው፤ አባቱ ሲሰልለው እንደ ኖረ የደረሰበት ልጅ ደግሞ ወደ አባቱ አይሮጥም።

ስለዚህ ሳይደርስ ንገረው። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው እንደማትቆጣው፣ ስልኩንም እንደማትነጥቀው ቁርጥ አድርገህ ንገረው፤ ልጆች ከቁጣው ይልቅ የሚፈሩት ስልኩን መነጠቅ ነውና። ገንዘብ አይከፈልም፤ የከፈለ ሰው በድጋሚ ይጠየቃል። መልእክቱም አይሰረዝም፤ ስክሪን ሾት ተነሥቶ ለኤፍቢአይና ለመተግበሪያው ባለቤት ሪፖርት ይደረጋል። የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል የሚያስተዳድረው ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፎቶውን ለማንም ሳይልክ፣ የፎቶውን መለያ ኮድ ብቻ ከራሱ ስልክ ላይ አውጥቶ ያስመዘግባል፤ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉ ተባባሪ ድርጅቶችም ያንኑ ፎቶ በየገጻቸው ካገኙት ያነሡታል።

ይህን ስልህ ቁጥጥር ይቅር ማለቴ አይደለም። ልጁ የሚያውቀው ቁጥጥር ይኑር ነው የምለው። ስልኩ አይፎን ከሆነ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ስክሪን ታይም፣ አንድሮይድ ከሆነ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው የጎግል መተግበሪያ፣ ሰዓት ይገድባል፤ አዲስ አፕ ከመጫኑ በፊትም አንተን ያስጠይቃል። የልጁን መልእክት አያነቡልህም፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። መልእክቱን ብታነበው እንኳ፣ እንግሊዝኛህ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የእነዚህን ልጆች አጻጻፍ ትፈታዋለህ ብዬ አላምንም። ይልቅ ማታ ማታ ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ የአንተም አጠገቡ ይቀመጥ። የአንተ ከትራስህ ሥር እያደረ የእሱ ብቻ ሳሎን ይደር ብትለው ይሥቅብሃል።

አሁን ደግሞ ባለፈው ለእህትህ ልጅ ስለ ላክኸው ስልክ ልንገርህ፤ ይህን አንተም ሳታውቀው አትቀርም ብዬ ነበር፣ እህትህ ግን አልነገረችህም መሰለኝ። ቲክቶክና ኢንስታግራም በዝቶባታል ብላ እናትየው ከነልጅቷ ሱቅ መጣች። ከፍቼ ሳየው ልጅቷ ከማታውቃቸው ጎልማሶች «ሃይ ቆንጆ» የሚል መልእክት ተደርድሮላታል። ለ12 ዓመት ልጅ እንዴት እንዲህ ይሆናል ብዬ የአካውንቱን የልደት ቀን ብመለከት መጋቢት 2005 ይላል። ልጅቷ አልዋሸችም፤ የተጻፈው በልደት ካርዷ ላይ ያለው ዓመት ነው። መተግበሪያው ግን የሚያውቀው የፈረንጁን 2005 ነውና በ8 ዓመት አሳድጎ የ20 ዓመት ወጣት አድርጓታል። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን አካውንት ከመጀመሪያው ለእንግዳ የሚዘጋው፣ የግል መልእክትም የሚከለክለው፣ ኢንስታግራም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት የሚሰጠው፣ ሁሉም በቅድሚያ የተመዘገበውን ዕድሜ አይቶ ነው። ለእሷ አንዱም አልሠራላትም፤ ጭራሽ 13 ዓመት ሳይሞላት እንዳትገባ የሚለውም በር አላገዳትም። ከዚያ ወዲህ ሱቄ በሚመጣ የልጅ ስልክ ሁሉ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው፤ ያው ስሕተት ደግሞ ደጋግሞ ይገጥመኛል። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉት የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች ሲባል ሰምተህ ይሆናል፤ እንደ እኛ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ለሚኖር ሕዝብ ግን ከሕጉ በፊት የልደት ዓመቱ ቢስተካከል ይቀድማል።

እናትየውን አስፈቅጄ ሁለቱንም አካውንት ልጅቷ ራሷ እንድትዘጋ አደረግሁ። ቴሌግራሙን የትምህርት ቤታቸው ግሩፕ ስላለበት መዝጋት አልተቻለም፤ ቲክቶክ ያለው ዓይነት ወላጅ የሚይዘው መቆጣጠሪያም እሱ ስለሌለው፣ ስልክ ቁጥሯ ለማንም እንዳይታይ፣ ግሩፕ ውስጥም የምታውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲያስገቧት ሴቲንጉን አስተካከልን። ማስፈራሪያ ቢመጣባት ለፖሊስ ማመልከት እንደሚቻል፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በልጆች ላይ የሚፈጸመውን እንደሚቀጣ ለእህትህ ነግሬያታለሁ። አንተ ስትደውል ልጅቷን ስለዚህ ጉዳይ እንዳትቆጣት አደራ፤ እዚያው ፊቴ አልቅሳለች፣ ይበቃታል።

የልጅህ ስልክ አይፎን ይሁን ሳምሰንግ፣ አካውንቱንስ ማን እንደ ከፈተለት ጻፍልኝ፤ አደራረጉ ስለሚለያይ ደረጃ በደረጃ በፎቶ አስደግፌ እልክልሃለሁ። ከእሱ ጋር አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ብታደርጉት ግማሽ ሰዓት አይፈጅባችሁም። ለባለቤትህና ለልጆቹ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ