ቅጹ አንድ፣ እጁ ልዩ ልዩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቢሮ ወረቀትንና የኮምፒውተርን አሠራር በሚያስመስሉ የሥነ ጥበብ ሥራዎች ላይ የቀረበውን አስተያየት አንብቤያለሁ። «ይህ የቢሮ ጸሐፊ ሥራ እንጂ ጥበብ አይደለም» መባሉን ግን፣ ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ሳደራጅ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው እንደመሆኔ አልተቀበልኩትም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚታወቀው የ13ኛው መቶ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ሥዕልንም የመጻሕፍት ዝርዝርንም በአንድ ጥራዝ ይዟል፤ መዝገብና ሥዕል በእኛ አገር እርስ በርስ ባዕዳን አልነበሩም።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐሳቡ ጥበቡን የሚሠራ ማሽን ይሆናል ብሎ ነበር። በ1968 በጀመራቸው የግድግዳ ሥዕሎቹ ዋናው ነገር የጽሑፍ መመሪያው ነው፤ መስመሩን ብዙ ጊዜ የሚያሰምሩት ሌሎች ሰዎች ሲሆኑ፣ ገዥው የሚረከበው የምስክር ወረቀትና ንድፍ ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦን ካዋራ ደግሞ ከ1968 እስከ 1979 ከእንቅልፉ የተነሣበትን ሰዓት በፖስት ካርድ ላይ በማኅተም እየመታ ለወዳጆቹ ይልክ ነበር (የእኛ የሰዓት ፊርማ መዝገብ ይህን ያህል ሐቀኛ አልነበረም)። በ1965 ሽቱትጋርት ላይ በኮምፒውተር የተሣሉ ሥዕሎቻቸውን ያሳዩት ጀርመናውያኑ ጌኦርግ ኔስና ፍሪደር ናከም በፕሮግራሞቻቸው ውስጥ ኮምፒውተሩ እንደ ዕጣ በዘፈቀደ ለሚያወጣው ቁጥር ቦታ ትተው ነበር።

እኔን የገረመኝ የለዊት መመሪያ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሠሪው ሲለወጥ ሥዕሉም በመጠኑ መለወጡ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ሁለት ባለጉዳዮች አንድ ዓይነት ቅጽ ሞልተው ሲቀርቡ፣ ከተሁለደሬ ገጠር ማልደው የመጡት አዛውንት «ግልባጭ ይጎድላል» ተብለው ሲመለሱ፣ ለሌላው እዚያው እንደቆመ ማኅተም ተመትቶለታል። ያኔ «መመሪያው አይፈቅድም» እንል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ በሁለቱም አነጋገር ወረቀቱን የያዘው እጅ ይሰወራል።

በእነዚህ ሥራዎች ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ይነሣል፤ አብዛኞቹ ቢሮውን የሚያዩት ከጠረጴዛው በስተኋላ እንጂ ከመስኮቱ ውጭ ከተሰለፈው ሰው በኩል አይደለም። በከተማችን ያሉ ወጣት ሠዓልያን በዚህ መንገድ መሥራት ቢሹ፣ የተጣሉ ቅጾችን ገልብጠው በጀርባቸው በእስክሪፕቶ የተጻፈውን «ሰኞ ተመለስ» ቢሰበስቡ እመርጣለሁ። ከእነዚያ መካከል በእኔ እጅ የተጻፉም አይጠፉም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከደሴ