ቃል ተገብቶ ስላልቀረበ የቡና መፍጫ ጥርስ የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ ኃላፊ

የሽያጩ ደረሰኝ፣ የአንድ ዓመት የዋስትና ወረቀቱና የመፍጫው ጥርስና ሞላ (የሽቦ ጥቅልል) እንዲለወጡልኝ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በደብረ ብርሃን ቅርንጫፋችሁ ስለሚገኙ፣ የእጅ ቡና መፍጫው መቼና እንዴት እንደተበላሸ ከሥር ከመሠረቱ አልተርክም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ በመደብራችሁ የደረሰብኝ ነገር ነው።

በዚያው ሳምንት ከቅርንጫፉ ተደውሎ፣ «ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጥርሱም ሞላውም እጃችን ይገባል፤ መፍጫውን ይዘው ይምጡ፣ ቆመው እያዩ ይገጠምልዎታል» ተባልሁ። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ «በሚቀጥለው ሳምንት» ተብዬ ስለነበር ደግሜ ብጠይቅ፣ «በእኔ ይሁንብዎ» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ይህን አምኜ ከደብረ ሲና ገና ሳይነጋ ተነሣሁ፤ የጣርማበርን ጉምና ብርድ አልፌ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ ከተቀጠርሁበት ሰዓት ቀድሜ በራችሁ ላይ ቆምሁ። መደብሩ የተከፈተው 4 ሰዓት ከ40 ላይ ነው።

በመደብሩ የነበረው ሠራተኛ መሳቢያውን ከፈት ዘጋ ካደረገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጋዘን ደወለ፤ ስልኩንም ሲዘጋ፣ «ትእዛዙ እኮ ከመጀመሪያውም አልተላከም» አለኝ። እንግዲህ መለዋወጫው መንገድ ላይ ዘገየ ቢባል እንኳ እታገሥ ነበር። ያልታዘዘ ዕቃ ይደርሳል ተብሎ ሰው ከሌላ ከተማ የሚጠራበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ሠራተኛው መፍጫውን እንኳ ሳይዳስስ፣ «አጠቃቀሙን ስላላወቁበት ይሆናል» በማለቱ፣ ለሙከራ ብዬ ከቤት ቆልቼ ከያዝሁት ቡና ጥቂት ጨምሬ በፊቱ ፈጨሁና ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥሁት። ግማሹ እንደ ቅንጬ ተከክቷል፤ ግማሹ እንደ ዱቄት ልሟል። የውስጠኛውን ጥርስ የያዘው ዳዶ መዘውሩ በዞረ ቁጥር ስለሚላላና ዘንጉ ስለሚወላገድ፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ወገን ይሰፋል፣ በሌላው ይጠባል። እንዲህ ያለ ቡና ጀበና ውስጥ ሲገባ ክኩ ጣዕሙን ሳይለቅ ይቀራል፤ የላመው ደግሞ አልሰክን ብሎ ከነአተላው ሲኒ ውስጥ ይወርዳል። ይህን እያስረዳሁት ሳለ ወረቀቱን በእጁ ገፋ አድርጎ ቡናውን መሬት ላይ ደፋውና፣ «እትዬ፣ ይህን ያህል ከቸገረዎት ሙቀጫ አልጠፋ፤ ወቅጠው ይጠጡ» አለኝ።

ሙቀጫ አለን። የ76 ዓመት እናቴ ግን ቀኝ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው ዘነዘና ማንሣት ከተሳናቸው ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ቡናውን ሌላ ሰው እንዲወቅጥላቸውም አይወዱም። ተቀምጠው ራሳቸው በቀስታ የሚያዞሩትን መፍጫ ደብረ ሲና ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ፈልጌ ሳጣ ከእናንተ ዘንድ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪኩ መብራት ሲጠፋ እንደሚቆም፣ ባለ ምላጩም ቡናውን እየቆራረጠ አንዱን አድቅቆ ሌላውን እንደሚተው፣ ባለ ጥርሱ ግን እኩል አድርጎ እንደሚፈጭ ያስረዱኝና ይህን ያስመረጡኝ የእናንተው ሻጮች ናቸው። የተናገሩት ትክክል ነበር፤ የሸጡልኝ መፍጫ ግን እንደ ቃላቸው አልሆነም።

ነገሩ ከተነሣ ዘንድ፣ እስካሁን በትዕግሥት ያለፍኋቸውንም ላንሣ። በካርቶኑ ላይ ጥርሱ ብረት ነው ተብሎ ተጽፎ ሳለ ከውስጡ የወጣው ሴራሚክ ነው፤ ሴራሚክ ደግሞ ከቡና ለቀማ ያመለጠች አንዲት ጠጠር ብትገባበት ሊሰበር ይችላል። 30 ግራም ይይዛል የተባለው 20 ግራም ሲጨመርበት ይሞላል። ማጽጃ ብሩሹ የለም፤ የአጠቃቀም መመሪያውም በአማርኛ አልተጻፈም። መመሪያ አጥቼ ብደውል «በውኃ ይጠቡት» ተባልሁ፤ እንደተባልሁት አደረግሁ፣ ሞላው በሳምንቱ ዛገ። ማመልከቻ ሳስገባም የዛገው በእኔ ጥፋት እንደሆነ ተነገረኝ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥርሱና ሞላው እንዲለወጡ ብቻ ነበር። አሁን ግን መለዋወጫ አልቀበልም። ከኅዳር 20 ቀን በፊት፣ ማለትም ለኅዳር ጽዮን እንግዶቻችን ከመምጣታቸው አስቀድሞ፣ ጥርሱ ብረት የሆነ አዲስ መፍጫ ደብረ ሲና ድረስ እንዲላክልኝ፣ ይህ ካልሆነም የከፈልሁት 2,850 ብር የሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪዬ ታክሎበት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ሠራተኛው ቡናዬን መሬት ላይ ስለደፋውና ስለተናገረኝ ቃልም ድርጅቱ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ በስልክ «ልጅ ነው፣ ይለፉት» ማለታቸው ለእኔ መልስ አይሆንም።

ጉድለቱን ያመለከትሁት መፍጫውን በገዛሁ በ9ኛው ቀን መሆኑ ማመልከቻዬ ላይ ባረፈው ማኅተማችሁ ይታወቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለገዛ ሸማች የሰጠውን መብት ድርጅታችሁ ከእኔ የተሻለ ስለሚያውቀው፣ እስከ ተጠቀሰው ቀን መልስ ካላገኘሁ መፍጫውን፣ ደረሰኙንና የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ይዤ ጉዳዩ ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከደብረ ሲና