የመጀመሪያው የገና ግብዣሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጅሽስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደሴ ብርድ ብቻ ዘንድሮ ጠንክሮብናል፤ ጠዋት ጠዋት ጦሳ ጉም ለብሶ ነው የምናየው።

ገና በኔ ቤት ይሁን ማለትሽን አባትሽ ሲሰሙ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ላሊበላ ሄደው ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ለማየት ነበር ሐሳባቸው። አሁን ግን «እኔ የምፈስከው ልጄ ቤት ነው» ብለው ቁርጥ አድርገዋል።

ዶሮ ወጡን አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጥ አቁላዪው፣ በርበሬውም ሳይበስል ዶሮውን ለመጨመር አትቸኩዪ ከማለት በቀር የምለው የለኝም። የሚያስቸግርሽ ጨው ነው። ወጡ የሚሠራው በዋዜማው፣ ጾሙ ሳይፈታ ስለሆነ መቅመስ የለም። ስለዚህ አሳንሰሽ ጨምሪ፤ ከቅዳሴ መልስ ከፈሰክሽ በኋላ ቀምሰሽ ታስተካክዪዋለሽ። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ሊጡም ቶሎ ነው የሚቦካልሽ። እኔ በማቦካበት ቀን ብታቦኪው እንጀራሽ ይኮመጥጣል፤ አንድ ቀን አዘግዪው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ትልቁ አጎትሽ ከነሚስታቸውና ከነልጆቻቸው እንደሚመጡ ነግረውኛል። ለእነሱ ሽሮና ምስር ይበቃል የምትልሽ ሰው ብትኖር አትስሚያት። አጎትሽ ለአረፋ ሲጠሩን በክርስቲያን እጅ የታረደ በግ ለብቻ ሳያሰናዱልን ቀርተው አያውቁም። እኛ በሳቸው ቤት ሥጋ በልተን፣ እሳቸው በአንቺ ቤት የጾም ወጥ ሊበሉ ነው? ይህ በኛ ቤት አልተለመደም፣ አይሆንምም።

በጉን ራሳቸው አጎትሽ ይረዱት። በማለዳ እንዲደርሱ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ ግን ማረጃ ቦታውን ጠርገሽ፣ ውኃውን ቀድተሽ ጠብቂያቸው። ሥጋው ወደ አንቺ ማድቤት አይግባ። ያቺ ሙስሊም ጎረቤትሽ በገዛ ድስቷና በገዛ ቢላዋዋ በቤቷ ትሥራልሽ፤ ሽንኩርት ላጪላት፣ እንጨቱንና ከሰሉን አቅርቢላት፣ ልጇንም ያዢላት። ከመሶቡም ቀድማ የምትቀመጠው እሷ ትሁን። በወሎ ድግስ የሚያምረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ምሳ ሲቀርብ ሁለቱን መሶብ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን አድርጊ። ሙስሊሞቹን ወደ ሌላ ክፍል ማስገባት ለነሱ የታሰበ ይመስላል፤ ሰው ግን ከዘመዱ ተለይቶ የበላው ምግብ አይጣፍጠውም። እኩል ይቅረብ፣ እኩል ይጀመር። ጭልፋዎቹ ብቻ እንዳይቀያየሩ አንዷን ልጅ እዚያው አቁሚያት። ጠላው በኛ በኩል ይሁን፤ ለነሱ ቀሪቦ አስጠምቂ። ልጆቹ ከዚያም ከዚህም ሲሯሯጡ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ የነሱን ምግብ አስቀድመሽ ለብቻ አቅርቢላቸው።

ቡናው ላይ ሁሉም አንድ ነው። ቄጤማ ጎዝጉዢ፣ አቦል ቶናውን በረካውን ሳታጓድዪ አፍዪ፤ ማንም ቸኩሎ እንዳይነሳ። ምርቃቱን አጎትሽ ይጀምሩ፤ ታላቅ እሳቸው ናቸው፣ አባትሽም ይህንኑ ነው የሚፈልጉት። ሁላችንም አሜን እንላለን።

ንጥር ቅቤውን በሁለት ዕቃ ከፍዬዋለሁ፤ አንዱ ለዶሮሽ፣ ሌላው ለጎረቤትሽ ድስት ነው። የሷን ክዳን በነጭ ጨርቅ አስሬዋለሁ፤ ማንኪያ ሳይነካው በቀጥታ ስጫት። በርበሬውም አብሮ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ከመነኸሪያ በሚኒባስ ስለምልክ ባለቤትሽ ወርዶ ይቀበል። ሌላ የጎደለሽ ካለ ከዚያ በፊት ደውዪልኝ።

እናትሽ፣
ከደሴ