ለአባቴ፣ ስለ አፍዎ ሕመም
ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደኅና ነኝ። ትናንት በስልክ «ምላሴ ነጭ ነገር ለብሷል፤ የምበላውም አይጥመኝም» ካሉኝ ወዲህ ሐሳቤ ከእርስዎ አልተለየም። የስልክ ወሬ ቶሎ ስለሚረሳ ነገሩን በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ።

ሐኪሙ የነገሩዎት ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥም ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። እንደ እርስዎ ባለ የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲሰነብት ግን በምራቅ ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል፣ አፍ ይደርቃል፣ የሰውነት መከላከያም ይዳከማል፤ ፈንገሱ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በንጽሕና ጉድለት የመጣ ነው ብለው አይፈሩ።

ለፈንገሱ የታዘዘልዎትን ኒስታቲን የተባለ ፈሳሽ መድኃኒት እንደ ሳል ሽሮፕ ወዲያው እንደሚውጡት ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። ይህ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ የሚሠራው ፈንገሱን ሲነካው ብቻ ነው። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀው፣ የታዘዘልዎትን 5 ሚሊ ሊትር ግማሹን በአንዱ ጉንጭ፣ ግማሹን በሌላው አድርገው የቻሉትን ያህል ካቆዩት በኋላ ይዋጡት። በቀን 4 ጊዜ ምግብ ከበሉ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ነጩ ነገር ከጠፋም በኋላ ቢያንስ 2 ቀን ይቀጥሉበት።

ሰው ሠራሽ ጥርስዎን መድኃኒቱን ሲወስዱና ማታ ሲተኙ ያውልቁት። ፈንገሱ እዚያ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር፣ ጥርሱ በየቀኑ ተቦርሾ ማታ ማታ በማጽጃው ካልተዘፈዘፈ ሕመሙ ይመላለስብዎታል። ያለ ጥርስ ሰው እንዲያይዎት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ሌሊት ግን ማን ያይዎታል?

አጥብቄ የምለምንዎት ወዳጅዎ «እኔን አድኖኛል» ብለው የሰጡዎትን ፍሉኮናዞል የተባለ የፈንገስ ክኒን እንዳይውጡ ነው። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ኒስታቲኑ ካልሠራ ሐኪሙም ሊያዝዙልዎት ይችላሉ። ነገር ግን እርስዎ ለስኳርዎ የሚወስዱትን ግሊቤንክላሚድ የተባለ ክኒን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ስኳርዎ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ድንገት ካላበዎት፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ ሳይዘገዩ ስኳር ያለው መጠጥ ይጠጡና ሰው ይጥሩ። አፍዎ አሞዎት ምግብ ያልበሉ ቀንም የስኳሩን ክኒን በልማድ ከመዋጥዎ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉ።

ሲውጡ ደረትዎን ካመመዎት፣ ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ካልተሻለዎት፣ እኔ እስክመጣ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። እሑድ ስደውል የየጠዋቱን የስኳር ልኬት ከነቀኑ ጽፈው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ